ልዋጭ የሌለበት ገበያ

«የጌም ሱቅ ተዘጋ ብለህ ታዝናለህ እንዴ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። «ካሴት ቤት ተዘጋ፣ ቪዲዮ ቤት ተዘጋ፣ ማን ሞተ? ዲስክ ድሮ ቀረ። አሁን ከሶፋህ ሳትነሳ ታወርዳለህ፣ ትጫወታለህ፣ በቃ።»

ክርክሩ አጭር ስለሆነ ያሸንፋል። መልሱ ግን ረዘም ስለሚል እስቲ ታገሱኝ። የምለው ይኸው ነው፦ የጌም ሱቅ ሲዘጋ፣ የከፈልንበትን ነገር የመሸጥ፣ የማዋስና የመስጠት መብታችን አብሮ እየሄደ ነው። ይህ ደግሞ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም፤ የፈለጉት ሰዎች ነበሩ፣ ለዓመታትም ሠርተውበታል። ከማንም በላይ የሚጎዳው ደግሞ የኦንላይን መደብሩ አገሩን የማያውቅለት ተጫዋች ነው። ማለትም እኛ።

እኔ የምኖረው ለንደን ነው። እንግሊዞች «ሃይ ስትሪት» የሚሉት አላቸው፤ የየሰፈሩ ዋና የገበያ መንገድ ማለት ነው። ዳቦ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ ባንኩ፣ ጫማ ቤቱ የሚደረደሩበት። በ2000ዎቹ ውስጥ (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ቢያንስ አንድ የጌም ሱቅ አይጠፋም ነበር። ትልቁ ስሙ ራሱ «ጌም» ነው። ተፎካካሪው «ጌምስቴሽን» ይባል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱም ውስጥ በታዳጊዎች መካከል እየተጋፉ ነበር የሚታለፈው።

እነዚህ ሱቆች ውስጥ ዋናው ነገር አዲሱ ጌም አልነበረም። ዋናው ነገር ልውውጡ ነበር። ጨርሰህ የሰለቸህን ጌም ይዘህ ትገባለህ። ሻጩ ዲስኩን አውጥቶ ጭረት እንዳለው ወደ ብርሃን ያገላብጠዋል፣ ዋጋ ይነግርሃል፣ አንተም ጥቂት ፓውንድ ጨምረህበት ሌላ ጌም ይዘህ ትወጣለህ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልዋጭ ነው! ማዳበሪያውን ተሸክሞ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰውዬ አሮጌ ጫማና ልብስ ተቀብሎ ሳፋ ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። የጌም ሱቅም ጣሪያና የካርድ ማሽን ያለው ልዋጭ ነበር።

ልዋጭ ደግሞ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። የምትለውጠው ጫማ ያንተ መሆን አለበት። የጎረቤትህን ጫማ ለልዋጭ ብትሰጥ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ልዋጭ ባለበት ቦታ ሁሉ ባለቤትነት አለ። ልዋጭ በጠፋበት ቦታ ደግሞ ባለቤትነቱ አሁንም አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሱቆቹን የገደላቸው ምንድን ነው? በአንድ ቃል «ኢንተርኔት» ብሎ መመለስ ይቀላል። እውነቱ ግን ብዙ እጅ አለበት።

አንደኛው የራሳቸው እጅ ነው። ጌም በ2007 ጌምስቴሽንን በ74 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ከዚያ በኋላ ባንዳንድ ከተሞች የአንድ ድርጅት ሁለት ሱቆች፣ ሁለት ኪራይ እየከፈሉ፣ በአንድ መንገድ ላይ አንድ ዓይነት ዕቃ ሲሸጡ ቆዩ። ሁለተኛው የግብር ቀዳዳ ነው። ጀርሲና ገርንዚ ከሚባሉት ደሴቶች ወደ እንግሊዝ በፖስታ የሚላክ ርካሽ ዕቃ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነበር፤ ዲስክ በዚህ መንገድ የሚሸጡ ድርጅቶች ታክስ እየከፈለ የሚሠራውን ሱቅ በዋጋ ይቀጡት ነበር። መንግሥት ቀዳዳውን የዘጋው በኤፕሪል 2012 ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሉሃል ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጌም አንድ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ በማርች 2012 መጨረሻ፣ መክሰሩን አስታውቆ በአስተዳዳሪዎች እጅ ገብቶ ነበር። ከ600 በላይ ከነበሩት የብሪታንያ ሱቆቹ 277ቱ ወዲያው ተዘጉ፣ ወደ 2,000 የሚሆኑ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ።

ያ ከመሆኑ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ደግሞ የጌም አሳታሚዎቹ ራሳቸው ዕቃ ማቅረብ አቁመውበት ነበር። የዚያን ወር ትልቁ ጌም «ማስ ኢፌክት 3» ሲወጣ ትልቁ የጌም ሱቅ መደርደሪያው ላይ አልነበረውም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ቁልቁል ነው። ድርጅቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ2019 የስፖርት ልብስ የሚሸጠው ስፖርትስ ዳይሬክት በ52 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ራሱን ችሎ የቆመው ሱቅ እየተዘጋ፣ የቀረው ከስኒከርና ከቱታ ጀርባ ወዳለ ጥግ ገባ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ያገለገለ ጌም መቀበል አቆመ። ለእኔ ሱቁ የሞተው ያኔ ነው። ልዋጭ የማይቀበል የጌም ሱቅ፣ ሳጥን የሚደረድር መጋዘን ነው።

«ያው ፍላጎት ስለጠፋ ነው» የሚል ካለ ሴክስ የሚባለውን ሱቅ ይይ። ለንደን ውስጥ በ1992 የተጀመረ፣ ሥራው ያገለገለ ጌም፣ ስልክና ፊልም መግዛትና መሸጥ የሆነ ድርጅት ነው። ዛሬም በመላ ብሪታንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርንጫፎች አሉት። አዲስ ጌም በመሸጥ የሚኖረው ወድቆ፣ በልዋጭ የሚኖረው ቆሟል። ሰው መለዋወጥ አልጠላም። የሚለዋወጠው ነገር ነው እያነሰ የሄደው።

ለምን አነሰ? አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን።

የጌም አሳታሚዎች ያገለገለ ጌም ገበያን ዓይኑን ማየት አይፈልጉም። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ዲስኩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሸጥ ለእነሱ አንድ ሳንቲም አይደርስም። ይህ ግን የማንኛውም ዕቃ ሕግ ነው። ቶዮታ የ1990 ኮሮላ አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥረኛ ጊዜ ሲሸጥ «ድርሻዬን» አይልም። መርካቶ ውስጥ ያገለገለ መጽሐፍ የገዛ ተማሪን ደራሲው አያስቆመውም። ጌም ሠሪዎቹ ግን ከዚህ ሕግ መውጣት ፈለጉ።

በ2010 ኢኤ የሚባለው አሳታሚ አንድ ዘዴ አመጣ። ጌሙን አዲስ የገዛ ሰው ሳጥኑ ውስጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ኮድ ያገኛል፤ ያገለገለውን የገዛ ግን ኦንላይን ለመጫወት ወደ 10 ዶላር ይጨምራል። ሰው ስለጠላው በ2013 ተውት። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት የባሰውን ይዞ መጣ። አዲሱ ኤክስቦክስ ዋን በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ ጌም አያጫውትም፣ ዲስክህን ለጓደኛህ ለመስጠትም ገደብ አለው ተባለ። ሶኒ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ግማሽ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ቪዲዮ ለቀቀ። አንዱ ሰውዬ ለሌላው ጌም ያቀብለዋል፣ ሌላው ያመሰግናል፣ አለቀ። ጌም ለጓደኛ የሚሰጠው እንዲህ ነው ማለቱ ነበር። ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ማይክሮሶፍትም በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ።

እኔ በዚያ ቪዲዮ ላይ ማጨብጨባችን ዛሬ ያስቀኛል። ያው ሶኒ በኤፕሪል 2019 ሱቆች የሙሉ ጌም ማውረጃ ኮድ እንዳይሸጡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ የፕሌይስቴሽን ጌም በዲጂታል የምትገዛ ከሆነ ሻጭህ አንድ ነው፣ ዋጋ ቆራጩም እሱ ራሱ ነው። በ2024 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ሲወጣ 700 ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረ ሆኖ ዲስክ ማጫወቻ የለውም፤ ከፈለግክ ለብቻው ትገዛለህ። ኔንቴንዶም በ2025 ባወጣው ስዊች 2 ላይ፣ ካርዱ ውስጥ ጌሙ የሌለ፣ የማውረጃ ቁልፍ ብቻ የያዘ ዕቃ መሸጥ ጀመረ። በ2013 በአዋጅ ሊወስዱት ሲሉ የጮህንበትን ነገር፣ ቀስ እያሉ ሲወስዱት ዝም አልን።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ጌሙ አካውንቴ ላይ አለ» ትላለህ።

አካውንትህ ላይ ያለው ጌም ያንተ አይደለም። ይህን የምለው እኔ ብቻ ብሆን ባታምኑኝ አይገርመኝም ነበር፤ ግን ውሉ ላይ ተጽፏል። የከፈልክበት የመጠቀም ፈቃድ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች ነገሩ ስላሳሰባቸው ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ የሚሠራ ሕግ አወጡ፤ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት «ግዛ» የሚል ቁልፍ ካስቀመጠ፣ የሚሸጠው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። ሕጉ መብታችንን አልመለሰም። መወሰዱን ግን አሳወቀን፤ እሱም ቢሆን ለእነሱ ነዋሪዎች ነው።

ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ ማየት የሚፈልግ «ዘ ክሩ» የሚባለውን የመኪና ጌም ታሪክ ይመልከት። በ2014 ወጣ፣ ሰዎች በሙሉ ዋጋ ገዙት። አሳታሚው ዩቢሶፍት በ2024 ሰርቨሩን ዘጋው፣ ጌሙም ለማንም የማይከፈት ሆነ። እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፤ ዲስኩን የያዙትም አልተረፉም፣ ምክንያቱም ጌሙ ያለ ሰርቨር እንዳይሠራ ሆኖ ነው የተሠራው። ስለዚህ ዲስክ ብቻውን አያድንም። ዲስኩ ውስጥ ጌሙ መኖር አለበት።

ኔንቴንዶ የ3ዲኤስና የዊ ዩ መደብሩን በማርች 2023 ዘግቷል። ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360ን በጁላይ 2024 ዘግቷል። በዚያ መደብር ብቻ ይሸጥ የነበረ ጌም ዛሬ በሕጋዊ መንገድ የሚገዛበት ቦታ የለም። አሜሪካ ውስጥ ያለ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በዚያ አገር ከ2010 በፊት ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው ገበያ ላይ እንደሌሉ ገልጿል። የቀሩት ያሉት በሰዎች መደርደሪያና ባገለገለ ዕቃ ሱቅ ነው። የጌም ሱቅ ማንም ሳይሾመው የዚህ ጥበብ ቤተ መዘክር ነበር ብል አላጋነንኩም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ እናቶቻችን። አካውንትህ ላይ የተደረደሩት 200 ጌሞች የሰው ወርቅ ናቸው።

አሁን ወደ አገር ቤት እንሂድ፤ ነገሩ እዚያ ሲደርስ ነው የሚከፋው።

የፕሌይስቴሽን አካውንት ስትከፍት አገርህን ምረጥ ይልሃል። ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። የአዲስ አበባ ልጅ ምን ያደርጋል? አሜሪካዊ ነኝ ይላል፣ አይቶት የማያውቀውን አድራሻ ይሞላል፣ ከቴሌግራም ላይ ጊፍት ካርድ በብር ይገዛል። ውሉ ደግሞ ትክክለኛ መረጃ ስጥ ይላል። ስለዚህ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ውል አፍራሽ ሆኖ ነው የሚጫወተው፤ የገዛው ሁሉ በአንድ ቀን ቢዘጋበት አቤት የሚልበት የለውም።

ይህ ተራ ሥጋት አይደለም። በሜይ 2024 ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለውን ጌም በኮምፒውተር የገዙ ሰዎች ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት ያገናኙ ብሎ ነበር። አካውንቱ የማይከፈትባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች እንዳሉ ያን ጊዜ ነው ብዙ ምዕራባዊ ተጫዋች የሰማው። ጩኸቱ ሲበዛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትእዛዙን ሰረዙት። እኛ ግን ከዚያ ዝርዝር ውጭ መሆናችንን ለማወቅ ሄልዳይቨርስ አላስፈለገንም።

ዋጋውንም አስቡት። አዲስ ጌም 70 ዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ከ9,000 ብር ያልፋል፤ ያውም ዶላር የሚከፍል ካርድ ከተገኘ። አንድ ጌም ከ100 ጊጋባይት በላይ ሊሆን ይችላል፣ ለዚያ የሚሆን ፓኬጅ ራሱ ሌላ ወጪ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋስ? በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ አይተናል። ከዚያም ወዲህ በትግራይና በአማራ ክልል ከዚህ በጣም የረዘመውን አይተናል። «ጌሙ ደመና ላይ አለ» የሚለው ሰው ደመናው በየቀኑ የሚታይበት አገር የሚኖር ነው።

ይህን ሁሉ የሚያልፈው ዲስክ ነው። ከፕሌይስቴሽን 3 ወዲህ የፕሌይስቴሽን ጌም ዲስክ አገር አይመርጥም፤ ክሮይደን የተገዛው ቦሌ ይሠራል። እዚህ ለንደን፣ ያምና ካምናው የፊፋ ዲስክ በበጎ አድራጎት ሱቆች ውስጥ ከቡና ባነሰ ዋጋ ተደርድሮ ታገኘዋለህ። እንግሊዛዊው ልጅ ረስቶታል። ያ ዲስክ ሻንጣ ውስጥ፣ በሁለት ሹራብ መካከል ተጠቅልሎ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን አዲስ ነው። ለእህቴ ልጅ የላክሁለት አንድ ዲስክ፣ በሌላ ጌም ተለውጦ፣ ከዚያም ተውሰው፣ ከዚያም ተሸጦ አራት ቤት ዞሯል። በመጨረሻ የገባው ሰፈራቸው ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ ልጆች በጨዋታ እየከፈሉ ድሮ ጆተኒ እንጫወት በነበረበት ስሜት የሚሟገቱበት ቦታ። በፒኤስ2 ዘመን ኮፒ ዲስክ ብቻ ያውቅ የነበረ ሰፈር ኦሪጅናል ጌም በሕጋዊ መንገድ የደረሰው በዚህ በኩል ነው። መንገዱ የሚጀምረው ደግሞ አንድ እንግሊዛዊ ታዳጊ የሰለቸውን ጌም ሱቅ ወስዶ ሲለውጥ ነበር።

ያ ሱቅ ሲዘጋ ሻንጣው ባዶ ይሆናል። ፈቃድ በሻንጣ አይላክም።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ። «ሱቆቹ ራሳቸው ዘራፊ ነበሩ፤ በ10 ፓውንድ ተቀብለው በ30 ይሸጡ ነበር።» አዎ፣ ልዋጭም ጫማህን አራክሶ ነው የሚወስደው። ግን አልስማማም ብለህ ጫማህን ይዘህ ወደ ቤትህ መመለስ ትችላለህ። ዛሬ የምትመልሰው ጫማ የለም።

«ጌም ሠሪዎቹ ምን ይብሉ?» የሚለው ይበልጥ ይከብዳል። ያገለገለ ጌም የገዛ ሰው ለሠሪው እንዳልከፈለ እውነት ነው። ነገር ግን ልጁ አሮጌውን ለውጦ ያገኘውን ገንዘብ አዲስ ጌም ይገዛበት ነበር፤ ሱቁ ልውውጡን የሚያስተዋውቀውም ለዚሁ ነበር። ዛሬ በዲጂታል መደብር ከእያንዳንዱ ሽያጭ 30 በመቶ ገደማ የሚወስደው ባለመደብሩ ኩባንያ ነው። ለሠሪው የሚቆረቆር ሰው ጥያቄውን ከዚያ ይጀምር።

«ዲጂታል ማለት ይህ ነው፣ ምን ይደረግ?» ይህኛውን ፈጽሞ አልቀበልም። ጎግ የሚባለው መደብር ከ2008 ጀምሮ፣ አውርደህ በራስህ ሃርድ ዲስክ ላይ የምታስቀምጠው፣ ያለ ኢንተርኔትና ያለ ፈቃድ የሚከፈት ጌም ይሸጣል። ስለዚህ ቴክኖሎጂው አይከለክልም። ከልካዩ ውሉ ነው፣ ውልን ደግሞ ሕግ ይቀይረዋል። በ2019 የፓሪስ ፍርድ ቤት የስቲም ተጠቃሚዎች የገዙትን ዲጂታል ጌም መልሰው መሸጥ ይችላሉ ብሎ ነበር፤ በ2022 ይግባኝ ሰሚው ሻረው። መሻሩ ያበሳጫል፤ ነገር ግን ሊታሰብ የሚችል ነገር መሆኑን ዳኞች አሳይተዋል። በ2025 ደግሞ የተሸጡ ጌሞች ሰርቨር ሲዘጋ አብረው እንዳይሞቱ የሚጠይቀው የአውሮፓ የዜጎች አቤቱታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል።

አሜሪካ ውስጥ በጃንዋሪ 2021 የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በኢንተርኔት የተሰባሰቡ ወጣቶች የጌምስቶፕን አክሲዮን ከ20 ዶላር በታች ከነበረበት ከ480 በላይ አስወነጨፉት። ዓለም ሁሉ ስለ ጌም ሱቅ አወራ። ሱቁን ግን ማንም አላዳነውም፤ ድርጅቱ በ2024 የበጀት ዓመት ብቻ 590 የአሜሪካ ሱቆቹን ዘግቷል። አክሲዮኑን የገዛው ሁሉ ጌሙን ከሶፋው ላይ ሆኖ እያወረደ ነበር።

ስለዚህ «ሱቆቹ ይመለሱ» ብዬ አልጮህም፤ አብዛኞቹ አይመለሱም። የምጠይቀው ሱቆቹ ሳያውቁት ይጠብቁልን የነበረውን ነው። ዲስክ ተብሎ የሚሸጥ ነገር ውስጥ ጌሙ ሙሉ በሙሉ ይኑር። «ግዛ» ተብሎ የተሸጠ ጌም፣ ዲጂታልም ቢሆን፣ ሊሸጥና ሊሰጥ ይቻል። ሰርቨር ሲዘጋ ጌሙ ብቻውን የሚሠራበት መንገድ ይተው። ገንዘባችንን በተዘዋዋሪ የሚቀበል መደብርም አገራችንን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባ።

እስከዚያው ድረስ ውጭ ያላችሁ፣ መደርደሪያችሁ ላይ አቧራ የጠጣ ዲስክ ካለ አትጣሉት። በዚህ ክረምት ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ፈልጉና ሻንጣው ውስጥ አስገቡለት። አገር ቤት ያላችሁም ደርሷችሁ ከጨረሳችሁት አታስቀምጡት፤ አዙሩት።